ከደብረ ብርሃን እስከ ታንዛኒያ መማሪያ ክፍል፦ በበጎ ፈቃድ ለማስተማር ለሚነሣ መምህር የአሠራር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ፣ በአረርቲ፣ በሸዋ ሮቢትና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች እያስተማሩ አንድ የትምህርት ዘመን በሌላ አፍሪካዊ አገር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ለሚያስቡ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። እኔ በደብረ ብርሃን ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ አንድ ዓመት በታንዛኒያ፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገልግያለሁ፤ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። ከመሄዴ በፊት ያስጨነቀኝ ቋንቋው፣ ሙቀቱና የማላውቀው ምግብ ነበር፤ እነዚህን ግን አስቀድሜ ስለጠበቅኋቸው ቶሎ ለመድኋቸው። ያደናቀፈኝ ከአገሬ ጋር አንድ የመሰለኝ ነገር ነው። ሰላምታው፣ የሰዓት አቆጣጠሩ፣ የእንግዳ አቀባበሉ፣ የተማሪው ዝምታ የእኛን ስለሚመስል ማንንም ሳልጠይቅ በእኛ ልማድ ተረጎምኩት፤ ተሳሳትኩም። ስለዚህ ከሰነድና ከክትባት ይልቅ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንደኛ እርምጃ፦ ከቤተሰብና ከመሥሪያ ቤት ጋር ነገሩን መጨረስ

በአካባቢያችን አንድ ሰው «ውጭ አገር ሄደ» ከተባለ ገንዘብ ይልካል ማለት ነው። ወደ ዓረብ አገር ተሰድደው ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ፣ ወንድም እኅቶቻቸውን ያስተማሩ ልጆች በየመንደሩ አሉና ቤተሰብም ጎረቤትም ከእርስዎ ተመሳሳይ ነገር ቢጠብቅ አያስደንቅም። በጎ ፈቃደኛ የሚያገኘው ደመወዝ ሳይሆን ለምግብ፣ ለቤት ኪራይና ለመጓጓዣ የምትበቃ የኑሮ አበል መሆኗን ለእናት ለአባትዎ፣ ትዳር ካለዎትም ለባለቤትዎ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት ቀን በግልጽ ይንገሩ። ይህን ሳልናገር ሄጄ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ምክንያት ስፈልግ አሳልፌያለሁ፤ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ያልኩት ነገር ከተናገርኩት በላይ ቅሬታ አተረፈልኝ።

ዕድርተኛ ከሆኑ በእርስዎ ፈንታ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍልና ለቅሶ የሚደርስ ሰው በስሙ ለዕድሩ ዳኛ ያስታውቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከሆኑ ደግሞ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ሳይቀበሉ አይነሡ። የታንዛኒያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጥር ሲሆን የእኛ በመስከረም ነው። ስለዚህ የሚለቁት ከአጋማሽ ዓመት ላይ ነውና ክፍልዎን የሚረከብ ባልደረባ መገኘቱን ከርእሰ መምህሩ ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ ፈቃዱም ይቀልልዎታል፣ ተማሪዎችዎም አይበደሉም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የሚልክዎትን ወገን መመርመር

የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃደኛ ጓድ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆነ አፍሪካውያንን ለ1 ዓመት ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ደግሞ በኢንተርኔት መዝገቡ ላይ ባለሙያዎችን ይቀበላል፤ ምደባዎቹ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ከመቆም ይልቅ ወደ ትምህርት ፕሮጀክቶች ያደላሉ። ከእነዚህ ሌላ በሃይማኖት ተቋማትና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል የሚሄዱ መምህራንም አሉ።

በማንኛውም መንገድ ቢሆን በጽሑፍ መልስ የሚያሻቸው ጥያቄዎች አሉ፦ የሚያስተምሩት የትኛውን ትምህርት በየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚይዙ፣ ቤትና የሕክምና መድን የማን እንደሆነ፣ የሥራና የነዋሪነት ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ፣ ቢታመሙ ወይም በአገር ቤት ሐዘን ቢደርስብዎ የመመለሻ ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል። «ማመልከቻ ማስከፈቻ» ወይም «የቦታ መያዣ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥምዎ ወረቀትዎን ሰብስበው ይውጡ። የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም በየትኛውም የምልመላ ደረጃ ክፍያ አይጠይቅም። ፓስፖርትዎን «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚል አገናኝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነውና ፈጽሞ አይስማሙ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ሰነዶችን ማሟላት

ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት፣ የዲግሪና የውጤት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያስፈልጋሉ። የትምህርት ማስረጃው በሚመለከታቸው የአገራችን መሥሪያ ቤቶችና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ወዳለው የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይሄዳል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል፤ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ ግን ለዚህ ጉዳይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዞ ቢነሣ ይሻለዋል።

ሁለት ቦታዎች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በቅጽ ላይ የአባትና የአያት ስም የሚገባበት ቦታ ያወዛግባል፤ ፊደሉም ሆነ ቅደም ተከተሉ በሁሉም ሰነድ ላይ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ 8 ዓመት ይጨመራል፤ ወሩና ቀኑም ይለወጣሉ። ጥር 1 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የተወለደው ጃንዋሪ 9 ቀን 1993 ነው። ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ የሚያስቀምጥ ሰው በሁለት ሰነዶች ላይ ሁለት የልደት ቀን ይኖረዋል።

ታንዛኒያ ለበጎ ፈቃደኞች የምትሰጠው የነዋሪነት ፈቃድ «ክላስ ሲ» የሚባለው ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ማስተማር አይፈቀድምና «ከደረስክ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ተስፋ አይቀበሉ። የፈቃዱን ቅጂም ከቤት በወጡ ቁጥር ይያዙ። በዚያ አገር በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሻገር ሲሞክሩ ተይዘው በእስር የሚንገላቱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ፖሊሱም ፊትዎን አይቶ አስቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። ወረቀቴን በተረጋጋ መንፈስ አሳይቼ ባለፍኩ ቁጥር ወረቀት የሌላቸውን እነዚያን ልጆች ሳላስብ አላለፍኩም።

አራተኛ እርምጃ፦ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ጤና

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቃት ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ ዘመድ ሲታመም በማየት ነው፤ በሽታውን የመቋቋም ልምድ በሰውነቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርበው የወባ መከላከያ መድኃኒት ይጠይቁ። እንደ ዓይነቱ ከጉዞ በፊት የሚጀመርና ከተመለሱም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ትእዛዙን ሳያጓድሉ ይከተሉ። በአጎበር ውስጥ ይተኙ። ትኩሳት ከተሰማዎት «የአየር ለውጥ ነው» ብለው ሳይቆዩ በዚያው ቀን ደምዎን ያስመርምሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይወሰዳል። ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የዚህን ክትባት ማስረጃ እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ቢጫዋ ደብተር ለዕድሜ ልክ ታገለግላለችና ከፓስፖርቱ ጋር ትቀመጥ።

አምስተኛ እርምጃ፦ የሚይዙት ዕቃ

ባናውንና በርኖሱን እቤት ይተዉት። ስስ የጥጥ ሸሚዞች፣ ንጹሕ ሱሪ ወይም ጉልበት የሚሸፍን ቀሚስ፣ የተዘጋ ጫማ ይበቃሉ። በደንብ የታሸገ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ጥቂት ጥቂት ይያዙ፤ የሰብል ዘርና ያልተፈጨ እህል ግን በድንበር ቁጥጥር ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ይቅር። በሶ ለጾምም፣ ለመንገድም፣ መብራት ለጠፋበት ምሽትም የሚሆን ስንቅ ነው። የእኔ ከሁለት ወር አላለፈም፤ ጨምሬ ባለመያዜ ይቆጨኛል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሰዓት። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው። «ሳ ሞጃ» ሲሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝና መጠንቀቅ ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ 9፡00 ይላል፤ እኔ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ስደርስ መምህራኑ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰብስበው፣ ሊያስተዋውቁኝ ስሜን ጠርተው አጥተውኝ ተበትነዋል። በቃልና በስዋሂሊ የተነገረ ሰዓት የእኛ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደግሞ የፈረንጅ ነው። በተጠራጠሩ ጊዜ «ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ።

ሰላምታ። በዕድሜ የሚያንስ ሰው ታላቁን «ሺካሞ» ይለዋል፤ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ «እግርዎን እይዛለሁ» ከሚል የመጣ ነው ይባላልና የሽማግሌ ጉልበት ስሞ ላደገ ሰው ትርጉሙ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ተማሪ ሺካሞ ሲልዎ እንደ እኛ አገር ራስዎን ነቅነቅ አድርገው ወይም «ደኅና፣ ደኅና» ብለው ቢያልፉ ሰላምታውን አልተቀበሉም ማለት ነው፤ ልጁም ምን አጠፋሁ ብሎ ይጨነቃል። ማራሃባ ማለትን አይርሱ። እርስዎም በዕድሜ ለሚበልጥዎ የጽዳት ሠራተኛና ዘበኛ ሁሉ ሺካሞ ይበሉ። የሰው ቤት ሲደርሱ ከደጅ «ሆዲ» ብለው «ካሪቡ» እስኪባሉ ይቁሙ። «ፖሌ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንደ ይቅርታ አይቁጠሩት። ሲደናቀፉ፣ ሲታመሙ፣ ከሥራ ደክመው ሲመለሱ የሚባል ነው፤ የእኛን «አይዞህ» እና «በርታ» በአንድነት የያዘ ነው።

ትንፋሽ። እኛ ሸዋዎች «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ማድረጋችንንም አናውቅም። ሌላ አገር ይህ የመደንገጥ ወይም የሕመም ምልክት ነው። ተማሪ ሲመልስ ለማበረታታት ባደረግኩት ቁጥር ልጁ ግማሽ ላይ እያቋረጠ ዓይን ዓይኔን ሲያይ ሰነበተ፤ ምክንያቱን የነገረችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ከመሄድዎ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ «አዎ»ን በድምፅ ለማለት ይለማመዱ።

ምግብና ይሉኝታ። እኛ ዘንድ እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ማንም አያምነውም፤ ባለቤቷም «በሞቴ» እያለች ታጎርሰዋለች። እዚያ በተጋበዝኩበት የመጀመሪያ ቤት እርቦኝ ሳለ በአገሬ ወግ «ጠግቤያለሁ» ብዬ መለስኩ። ባለቤቲቱም ቃሌን አክብራ ሳህኑን አነሣች። ጨዋነቷን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እርሷ ያልኩትን እንዳልኩት ነው የወሰደችው። ከራበዎት በመጀመሪያው ጥሪ «አሳንቴ» (አመሰግናለሁ) ብለው ይቅረቡ። በተቃራኒው ደግሞ እርስዎ እንግዳ ሲቀበሉ አንዴ እምቢ ያለዎትን ሰው ደጋግመው አያስጨንቁ፤ ማጉረስም ለማያውቀው ሰው ድንገተኛ ነው።

ጾም የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ በዚያ አገር ምግብ እምብዛም አይቸገርም። የበቆሎ ዱቄት በውኃ ተገንፍቶ የሚሠራው ኡጋሊና የባቄላ ዓይነት የሆነው ማሃራጌ የጾም ምግቦች ናቸው። «ጾም ላይ ነኝ» ቢሉ ግን እስከ ማታ ምንም የማይቀምሱ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም» ብለው በዝርዝር ይንገሩ፣ የጠዋቱ ገንፎ ወተት እንዳለበትና በወጡ ውስጥ ዳጋ የሚባለው ትንሽ ደረቅ ዓሣ መግባት አለመግባቱንም ይጠይቁ። ሙስሊም መምህር በርካታ ሙስሊሞች ባሉበት አገር ስለሚኖር ረመዳንን ለማስረዳት አይደክምም።

የሠርግ መዋጮ የሚጠይቅ ካርድ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛዎ ላይ ቢያገኙ እንደ ልመና አይዩት። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። እንደ አቅምዎ ትንሽ ይስጡ፣ ስምዎ በመዝገቡ ላይ ይስፈር።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ክፍል ውስጥ

በታንዛኒያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በስዋሂሊ ነው፤ ከፎርም 1፣ ማለትም ከሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። ይህ በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ የሚጠብቀው የሰሜን ሸዋ ልጅ ታሪክ ነው። ከአውሮፓ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ይህን በመጽሐፍ ያውቀው ይሆናል፤ እርስዎ ግን ኖረውበታል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየክፍለ ጊዜው መግቢያ አምስት አዳዲስ ቃላት በሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ እጽፍና አንድ ተማሪ ስዋሂሊውን እንዲነግረን አደርግ ነበር። እኔም ከእነርሱ እየተማርኩ መሆኔን ሲያዩ መሳሳትን መፍራት ቀነሱ።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ በዚያም በዚህም ዋጋ የለውም። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ንዲዮ» ይላሉ፤ እኛም በተማሪነታችን «አዎ» እንል ነበር። እኔ ግን የእነርሱን ንዲዮ ሰምቼ ሦስት ምዕራፍ ከሄድኩ በኋላ በፈተናው ውጤት ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስም የማይጻፍባት ቁራጭ ወረቀት አድዬ አንድ ጥያቄ አስመልሳለሁ፤ ማታ ወረቀቶቹን አንብቤ የነገውን አዘጋጃለሁ። ከዚያ ዓመት ካገኘኋቸው ዘዴዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህ ነው።

ምሳሌዎችዎን ከአካባቢው ይልቀሙ። ስለ መርጋት ሳስተምር በኅዳር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ የሚወርደውን ውርጭ ገለጽኩ፤ ልጆቹ በትጋት ጻፉ፣ አንዳቸውም ግን ውርጭ አይተው አያውቁም። በማግስቱ በገበያው ዓሣ ሻጭ በረዶ ጀመርኩና ክፍሉ ተነቃቃ። የሒሳብ መምህር በጤፍና በገብስ ፈንታ በቆሎ፣ ካሹና ሩዝ ያስገባ፤ ስለ ከፍታ የሚያስተምር ከኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ይነሣ።

መምህር በዚያ አገር «ምዋሊሙ» ይባላል። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት መምህር የነበሩት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ማዕርግ ነው። ስለዚህ በቃሉ ሲጠሩ የሚጠበቅብዎ ብዙ ነው፤ ልብስዎ፣ ሰዓት ማክበርዎ፣ በምሽት የሚታዩበት ቦታ ሁሉ ይታያል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ዱላ በሚፈቀድበት ትምህርት ቤት

ይህን ክፍል እንዳይዘሉት እለምናለሁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው። በታንዛኒያ ሕግ ግን ርእሰ መምህሩ በሚወስነው ሁኔታ ተማሪን በዱላ መቅጣት ይፈቀዳል። በእኛም አገር ሕጉ ቢኖርም አርጩሜ ከየክፍሉ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። እኔ ራሴ በአርጩሜ ተምሬአለሁና ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም፤ አስፈሪው ነገር ይኸው ነው፣ የለመደ ዓይን በሳምንቱ ዝም ይላል።

ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ቤቱን አሠራር በጽሑፍ ይጠይቁ። እንደደረሱ ከርእሰ መምህሩ ጋር ለብቻዎ ተቀምጠው፣ በአክብሮትና ያለ ወቀሳ፣ «እኔ ተማሪ አልመታም፤ ለመመታትም አልልክም» ብለው ያሳውቁ። ሁለተኛው ሐረግ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ያረፈደን ልጅ ለሌላ መምህር አሳልፎ መስጠት በራስ እጅ ከመምታት አይለይም። ባልደረባዎን በተማሪ ፊት አይቃወሙ፣ በመምህራን ስብሰባም ስለ ሌላው አገር ኋላ ቀርነት ንግግር አያድርጉ፤ ይህ ልጆቹን አያድንም፣ እርስዎን ብቻ ያገልላል። ከዚያ ይልቅ የራስዎን የክፍል ሥርዓት ያብጁ። እኔ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ከትምህርት በኋላ ሌሎች ልጆችና አንድ ባልደረባ ባሉበት ክፍል ተቀምጦ እንዲጨርስ አደርግ ነበር፤ ከወላጅ ጋርም በአካል እነጋገር ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ሁለት ባልደረቦቼ ዘዴውን ለመሞከር ራሳቸው ጠየቁኝ። ልጅ ሲጎዳ ካዩ ግን ጉዳዩ ከጨዋነት በላይ ነው፤ ላኪው ድርጅት ለሕፃናት ጥበቃ ለመደበው ሰው በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ሲከፋዎት

በሦስተኛው ወር ገደማ አዲስነቱ ያልቅና ናፍቆት ይበረታል። ገናን ታኅሣሥ 29 ብቻዎን ያከብራሉ፤ በዙሪያዎ ያሉት ከ13 ቀን በፊት አክብረው ጨርሰዋል። በዚያን ቀን እቤት አይዋሉ፤ ጎረቤቶችዎን ጠርተው ቡና ያፍሉላቸው፣ ሽሮ ይሥሩላቸው። ከዘመድ ጋር በስልክ የሚነጋገሩበት ቀን በሳምንት አንድ ይሁንና ይጽና፤ በየሰዓቱ ከአገር ቤት ዜና ጋር የሚውል ሰው ሰውነቱ ብቻ ነው የተጓዘው።

አሥረኛ እርምጃ፦ መመለስ

ከመነሣትዎ አንድ ወር በፊት የትምህርት ዕቅዶችዎን፣ የፈተና ጥያቄዎችዎንና የቃላት ዝርዝሩን ለተተኪው መምህር በጽሑፍ ያስረክቡ። የአገልግሎት ማስረጃ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይቀበሉ፤ ከፈቃድ ሲመለሱ የወረዳው ወይም የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቅዎት ይህንን ነው። ለተማሪዎች የሚሆን ስልክ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በኩል እንዲላላኩ ያመቻቹ።

ደብረ ብርሃን ከገቡ በኋላም በቀጣዮቹ ወራት ትኩሳት ቢይዝዎት ለሐኪሙ ከወባማ አገር መመለስዎን ሳይጠየቁ ይንገሩ። በደጋ ከተማ ብርድ ብርድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ጉንፋን ወይም የሳንባ ምች ነውና የደም ምርመራው እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።